በነፃ የመጣው ፖስታ

«አታስወራጪያት አልኩሽ እኮ! እጇን ያዥ፣ እጇን!»

እናትየው የልጇን ሁለት እጆች በአንድ መዳፏ ጠፍራ ይዛለች፤ በሌላው ግንባሯን ወደ ኋላ ደግፋለች። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ስትፈራ ግን ጉልበቷ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ጤና መኮንኑ የግራ ዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገለጠ፤ በትንሿ ባትሪ አበራ፤ አጠፋ። አምስት ሰከንድ አልፈጀበትም።

«ያው የዓይን ማዝ ነው። ቅባቱን ቀጥይ።»

«ዶክተር፣ ቅባቱን እኮ አምስት ጊዜ ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ስድስተኛውን ትጀምሪያለሻ!»

ሰውየው ዶክተር አይደለም። ግቢው ሁሉ ግን ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ተሳስታችኋል ብሎ አያውቅም። የጤና ጣቢያው ተጠባባቂ ኃላፊም እሱ ስለሆነ፣ የጽዳት ሠራተኞች ኮንትራት የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው። ራሷ የጽዳት ሠራተኛ የሆነችው እናትየው ይህን ስለምታውቅ ቃላቷን እንደ እንቁላል እየያዘች ታወጣለች።

«ውስጡ ላይ ያለው ነጩስ ዶክተር? ባለፈው አክስቷ በስልክ ፎቶ ስታነሳት አንደኛው ዓይኗ ደህና ነው። ይሄኛው ግን እንደ ድመት ዓይን ቦግ ይላል።»

«የስልክ መብራት ነዋ! እኔንም ብታነሺኝ ቦግ እላለሁ።» በራሱ ቀልድ ተፍለቀለቀ። «ደግሞ ድመት ወልደሽ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት።»

እናትየውም ሳቀች። ዶክተር ሲስቅ መሳቅ ወለል እንደ መወልወል ሁሉ ከሥራዋ አንዱ ነበር። እሱ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጫር ጫር አደረገ፤ እሷ ቅባቷን ተቀብላ ወጣች። በሩን ሲያልፉ ልጅቷ የግራ ትከሻዋን ከመቃኑ ጋር አጋጨች። ሰሞኑን በግራ በኩል ያለ ነገር ሁሉ ይመታታል። እናትየው ትከሻዋን እያሻሸች ወደ ጽዳት ዕቃ ክፍሉ ወሰደቻትና የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠቻት።

«እዚህ ቁጭ በይ እሙዬ። በረኪናውን እንዳትነኪ።»

«እሺ እማ። ድመት አለ እንዴ?»

«የለም። ዶክተር ሲጫወት ነው።»

የዚያን ቀን ጠዋት የወሩ የተረኞች ዝርዝር ተነሥቶ ስለነበር የማስታወቂያ ሰሌዳው መስታወት ግማሹ ባዶ ሆኗል። እናትየው እርጥብ ጨርቋን ይዛ ወንበር ላይ ወጣችና መወልወል ጀመረች። ከዝርዝሩ ጀርባ ተሸፍኖ የኖረ አንድ ደብዳቤ ብቅ ብሏል። እሷ ደግሞ ጽሑፍ ካየች ማለፍ አይሆንላትም። ከዓመት ተኩል ወዲህ በሳምንት ሁለት ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ትገባለች፤ የጤና ጣቢያው ሰዎች ለቀልድ «ተማሪዋ» የሚሏትም ለዚህ ነው። የሳሙና ካርቶን ታነባለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ታነባለች፤ የታክሲ በር ላይ የተለጠፈውን ታነባለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ ሰው ይስቅባታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀጥላለች።

«ለ... መንግሥት... ጤና... ተቋማት... ባለሙያዎች... በሙሉ።»

ቀጠለች። የካንሰር ሕክምና ማጣቀሻ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ እንዲነበቡ ተፈቅዷል ይላል። ምልክቶቹ፣ ምርመራው፣ በሽተኛው መቼና የት መላክ እንዳለበት በዝርዝር ይገኛል ይላል። የመክፈቻ ይለፍ ቃሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ በፖስታ ተልኳል ይላል።

ጨርቋ እጇ ላይ ቆመ። ካንሰር የሚለውን ቃል አንብባው አታውቅም፤ ሰምታዋለች እንጂ። ያንን ፎቶ ያነሳችው እህቷ «ሰዎች እንዲህ ያለው ነገር ካንሰርም ሊሆን ይችላል ይላሉ» ስትላት፣ «አፍሽን ዝጊ፣ ልጄን አታሟርቺባት!» ብላ ጮኻባት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። አሁን ቃሉ ማኅተም ተመትቶበት መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያታል።

ቀኑን ተመለከተች፤ በጣቷ ቆጠረች። ደብዳቤው የተጻፈው ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዶክተር ካሳየችበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነበር። ልጇን ካሳየች ደግሞ ሰባት ወር ሆኗታል።

ሲስተር መርፌ መውጊያ ክፍል ውስጥ ጥጥ እየጠቀለለች ነበር።

«ሲስተር፣ ያ የካንሰር ደብዳቤ ምንድን ነው?»

«የቱ? አ፣ እሱ!» ሲስተር ሳቀች። «ተማሪዋ ደረሰችበት ማለት ነው። መጽሐፍ ነው እባክሽ፤ በስልክ የሚነበብ። እኔም አላየሁት።»

«ለምን?»

«ፖስታው ንብረት ክፍል ገባ። ለማውጣት ይፈረማላ! ሲጠፋ ተጠያቂው የፈረመው ነው። እኔ ለአንድ የግፊት መለኪያ ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ፊት ቆሜያለሁ፤ ይብቃኝ። ዶክተርም አልፈረመ፣ ላብራቶሪውም አልፈረመ። ማን ይፈርምበታል?»

እናትየው የልጇ ዓይን በቅባቱ እንዳልዳነ፣ እህቷ ምን እንዳለቻት አንድ በአንድ ተናገረች። ሲስተር ጥጡን መጠቅለል አላቆመችም።

«ዶክተር አይቷት የለ? ምን አለ?»

«ድመት ወልደሽ ከሆነ አለኝ።»

ሲስተር ሳቋን ለመመለስ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱ ደግሞ አያርፍም! እንግዲህ ጋሽ ማኅተምን ለምኚው።»

የንብረት ክፍሉን ሽማግሌ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የለም። ማኅተሙን በደረት ኪሱ ይዞ ስለሚዞር ጋሽ ማኅተም ነው ስሙ። እናትየው ስትገባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጓንት ይቆጥር ነበር። ጉዳይዋን ከሰማ በኋላ ትልቁን መዝገብ ገልጦ አሳያት። ከሕፃናት ሚዛን ቀጥሎ፣ ከመጥረጊያ በፊት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል፦ «ፓስወርድ፣ የካንሰር፣ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ አዲስ።»

«ይኸው አለ። ያልተነካ!» አለ በኩራት።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ላይ እኮ ነፃ ነው ይላል።»

«ነፃ የሚባል ንብረት የለም ልጄ። ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ የግለሰብ ነው።»

«ቃል ነው እኮ። ቃል እንዴት ይጠፋል?»

«የጠፋ ነገር ሁሉ እንዴት እንደጠፋ ቢታወቅ ኖሮ አይጠፋም ነበር።» መዝገቡን ዘጋው። «አንቺ መፈረም አትችይም። ባለሙያ ይምጣና ይፈርም፤ አሁኑኑ አወጣለታለሁ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ ነው እናትየውን ይበልጥ ያቃጠላት። ክፉ ቢሆን ትሰድበው ነበር።

ተመልሳ ሲስተር ፊት ቆመች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ሲስተር በድንጋጤ ክንዷን ያዘቻት።

«ኧረ ተዪ! ሰው ቢያየን ምን ይለናል?»

«ይፈርሙልኝ ሲስተር። የፈለጉትን ልሁንልዎ።»

«የፈለግሁትን?» ሲስተር መጀመሪያ የቀለደች መስሏት ነበር። ከዚያ ግን የቤቷ ነገር ትዝ አላት መሰል፣ ፊቷ ላይ ሒሳብ የመሰለ ነገር አለፈ። «መንታ ልጆች አሉኝ፣ ታውቂያለሽ። በየቀኑ አልጋ ያረጥባሉ። እሑድ እሑድ መጥተሽ ብታጥቢልኝ...»

«አጥባለሁ።»

«ሦስት ወር?»

«ሦስት ወር አጥባለሁ።»

ሲስተር ፈረመች። ጋሽ ማኅተም ፖስታውን ከብረት ካዝናው አወጣ፣ ሙጫውን በምላጭ ፈታ፣ «እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት በነበረበት ሁኔታ ይመለስ» ብሎ ሰጠ። ሦስቱ፣ ሲስተር፣ እናትየውና ልጅቷ፣ ኔትወርክ በሚይዝበት በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ሲስተር በስልኳ ጻፈች፤ ክብ ነገር ዞረ፤ ዞረ፤ ተከፈተ። በእንግሊዝኛ ነው። ሲስተር የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችና ድንገት በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ጉድ እኮ ነው! ማንኛውም የመንግሥት ጤና ባለሙያ የሥራ መታወቂያ ቁጥሩን አስገብቶ ራሱ መመዝገብ ይችላል ይላል። ለካ ፖስታውም አያስፈልግም ነበር።»

እናትየው አልሳቀችም። ሲስተር የሕፃናት የሚለውን ነካች፣ ከዚያ ዓይን የሚለውን። አንድ ፎቶ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ግንባር፣ ቅንድብ፣ ከዚያ ሁለት ዓይን። አንደኛው ጥቁር፣ ሌላኛው ቦግ ያለ ነጭ።

«እማ፣» አለች ልጅቷ በጣቷ እየነካች፣ «እኔ ነኝ?»

ሲስተር ማንበቧን ቀጠለች፤ መጀመሪያ በድምፅ፣ ከዚያ በከንፈሯ፣ ከዚያ በዓይኗ ብቻ።

«ምን ይላል ሲስተር?»

«ይላክ ይላል። ትልቅ ሆስፒታል። ወዲያው።»

«ወዲያው ማለት ስንት ቀን ነው?»

«ወዲያው ማለት... ያየ ሰው ባየበት ቀን።»

«ካልተላከስ?»

ሲስተር ስልኩን አጠፋች። «ባትሪዬ እያለቀ ነው» አለች። ከመጥፋቱ በፊት እናትየው ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባዋለች። ሰማንያ ሁለት ይላል።

«ይንገሩኝ። እናት ነዎት እርስዎም።»

«ቶሎ ከተደረሰበት ዓይኗንም ማዳን ይቻላል ይላል። ሲቆይ ዓይኑ ይወጣል፤ ልጅቷ ትተርፋለች። ይበልጥ ሲቆይ...» ሲስተር ልጅቷን አየቻትና ቃሉን ዋጠችው። «እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለውን ነው። ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ንገሪያቸው። ምርመራውን በዚያ ነው የሚያጣድፉት። አሁን ሂጂና ለዶክተር ንገሪው፤ ያለ እሱ ወረቀት አይቀበሉሽም። ግን እንዳትሳሳቺ፣ እኔ ከፈትኩት እንዳትይ። ደብዳቤውን አንብቤ ነው በይ።»

ዶክተር ሻይ እየጠጣ ነበር። እናትየው በሩ ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ የልጅ ዓይን ነጭ ሲሆን ወዲያው ይላክ ይላል የካንሰሩ መጽሐፍ።»

ብርጭቆው አፉ ጋ ቆመ። «ማን ነው ያለው?»

«መጽሐፉ።»

«አንቺ ፊደል ቆጠርሽና ሐኪም ሆንሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ እኔን ልታስተምሪኝ መጣሽ? ውጪ ከዚህ!»

ወጣች፤ ግን አልሄደችም። መወልወያዋን አምጥታ በሩ ሥር ያለውን ኮሪደር መወልወል ጀመረች። በሩ ከውስጥ ተዘጋ። ሲስተር እንዳለችው መጽሐፉን የሥራ መታወቂያ ቁጥር ያለው ሰው ሁሉ በስልኩ ሊከፍተው ይችላል። ያንኑ አራት የወለል ንጣፍ እየደጋገመች ወለወለች፤ አንድ ታካሚ «እናት፣ እዚህ ጋ እኮ ፀድቷል» እስኪላት ድረስ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ።

«ግቢ እህቴ። ተቀመጪ።»

እህቴ ብሏት አያውቅም። ተቀመጪም ብሏት አያውቅም። እናትየው ሲሰድባት ያልፈራችውን ያህል አሁን ፈራች፤ ተቀመጠች።

«ሪፈር እጽፍልሻለሁ። ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ። ለጥንቃቄ ነው፤ አትደንግጪ።» እያወራ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ካርድ አለ። አሮጌውን፣ የስድስት ጊዜ ጽሑፍ ያለበትን፣ አነሣው፤ ለሁለት ቀደደው፤ ገጣጥሞ እንደገና ለሁለት ቀደደው፤ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ቅርጫት ጣለው። ወረቀቱ ሲቀደድ የተሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሪፈሩን ወደ እሷ ገፋና እስክርቢቶ ሰጣት።

«የወላጅ ፊርማ። እዚህ ጋ።»

እሷ ግን ማንበብ ጀመረች። እሱ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይመታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችበት ቀን ከሚለው ፊት ለፊት የዛሬው ቀን ተጽፏል።

«ዶክተር፣ ይሄ ቀን...»

«የዛሬ ቀን ነው።»

«እኛ እኮ ከመጣን ሰባት ወራችን ነው።»

ዶክተር በረጅሙ ተነፈሰ። ሲናገር ድምፁን አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አደረገው። «ስሚኝ። በዚህ ከተስማማሽ ወረቀቱ አሁን ማኅተም ይመታበታል። ካልተስማማሽ ሌላ ሐኪም ይጻፍልሽ፤ ሌላ ሐኪም የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኮንትራትሽስ? በሚቀጥለው ወር አይደል የሚታደሰው?»

«እዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው ይጠይቁኛል።»

«የተጻፈውን ትያቸዋለሽ። ወይ እነሱ ሐኪም የጻፈውን ትተው ጽዳት የምትለውን ይሰሙ እንደሆነ ሞክሪ።»

እናትየው እስክርቢቶውን ያዘች። ፊርማዋን የተማረችው በቅርብ ነው፤ በደስታ የደብተሯን ጀርባ ሞልታ ነበር። አሁንም ፊደሎቹ አንዱም ሳይጎድል ወጡ። ዶክተር አይቶ፣ «ጥሩ እጅ ጽሑፍ አለሽ!» አላት። የምሩን ነበር።

ጋሽ ማኅተም ሪፈሩን ወደ መብራቱ አንሥቶ ስርዝ ድልዝ እንዳለበት አጣራ። «ንጹሕ ነው» ብሎ ማኅተሙን መታ። አጠገቡ ፖስታው እንደገና በሙጫ ታሽጎ፣ መዝገቡ ላይ «ተመላሽ» ተብሎ ተጽፎለት ወደ ካዝናው ለመግባት ይጠብቃል። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «አይዞሽ» አለች። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ዘወር አለች። «እሑድ... ከተመለስሽ ነው ታዲያ።»

የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ዶክተር ጃኬቱን ለብሶ ከክፍሉ ወጣ። እናትየው ባልዲዋን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ አሳለፈችው።

«የኔን ክፍል ቆሻሻ ሳታቃጥዪ እንዳትሄጂ፣» አላት ሳይቆም። «ዛሬውኑ።»

ከሕንጻው ጀርባ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ አለ። ልጅቷ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ነጩን ዓይን በመዳፏ ሸፍና በደህነኛው ወፎች ትቆጥራለች። እናትየው ቅርጫቱን ገለበጠች። ጥጥ፣ የሻይ ቅጠል፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ ከዚያ አራቱ ቁርጥራጮች። ተንበርክካ ገጣጠመቻቸው። የዶክተሩ ጽሑፍ በሽታውን በተመለከተ አንድም ቃል አላስነበባትም። ቀኖቹን ግን አነበበች፤ ስድስቱንም። የመጀመሪያው በላይኛው የግራ ቁራጭ ላይ ነው፤ የልጇ የካርድ ቁጥርም እዚያው፤ የዶክተሩ ፊርማም እዚያው።

በሩ ላይ ዘበኛው አለ። ባለፈው ዓመት የቁስል ጨርቅ ከጠፋ ወዲህ የጽዳት ሠራተኞች ሲወጡ ቦርሳቸውንም፣ ጡታቸው ሥር የሚይዙትንም፣ ሁሉንም በእጁ ይዳብሳል። ቁራጩ ቢገኝባት ነገ ጠዋት ሪፈሩም ይቀራል፤ ኮንትራቱም ይቀራል። ጥላው ብትሄድ ደግሞ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ሕመሙ ዛሬ የጀመረ ይመስላቸዋል፤ ለነገ ይደር ይላሉ፤ ለሳምንት ይደር ይላሉ።

ክብሪቱን ጫረች። ጥጡ ቶሎ ተያያዘ። ሦስቱን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ጣለቻቸውና ጥቁር እስኪሆኑ ጠበቀች። ከዚያ ልጇ ፊት ተንበረከከች፤ የግራ እግሯን ጫማ አወለቀች፤ ካልሲዋን ገፈፈች። አራተኛውን ቁራጭ ሁለት ጊዜ አጠፈችና ውስጥ እግሯ ላይ አስተኛችው፤ ካልሲውን መልሳ ጎተተች፤ ጫማውን አጥብቃ አሰረች።

«እማ፣ ይቆረቁረኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አውልቂልኝ።»

«አላወልቅልሽም።» እጇን ያዘችና ወደ በሩ ይዛት ሄደች። «ዘበኛውን ስናልፍ ብታነክሺ እመታሻለሁ። ሰምተሻል? ቀጥ ብለሽ ነው የምትሄጂው።»